ሮማን በሳፋ

ወንድሜ ስልክ ሲደውል «እንዴት ነህ» ብሎ የሚጀምር ሰው አይደለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የደወለ ዕለትም እንደ ልማዱ በቀጥታ ነው የገባው።

«ያንን ሮማን ሐሙስ እንነቅለዋለን። ግንበኛው ቀብድ በልቷል።»

«የትኛውን ሮማን?»

«ስንት ሮማን አለን?»

እውነቱን ነው። ሸዋ ሮቢት ባለው የቤተሰባችን ግቢ ውስጥ ሮማን አንድ ነው። እናቴ በሙሽርነቷ ሰሞን የተከለችው፣ እኔን በአንድ ክረምት የሚቀድመኝ። ልጅ ሆኜ ቅርንጫፉ ላይ ስንጠለጠል ከማዕድ ቤት «ተው፣ ታላቅህ ነው!» ይባል ነበር። ስትቀልድ አይመስለኝም።

ወንድሜ ግቢው ላይ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ነው። ሮማኑ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቦታ መርጦ ልክ የመሠረቱ መስመር ላይ ቆሟል። ሁለት ክፍል በየወሩ ኪራይ ያስገባል። ሮማን በዓመት ቢበዛ አንድ ዘንቢል ፍሬ ይሰጣል፤ እሱንም ወፍና የሰፈር ልጅ ይቀራመተዋል። ሦስት ልጅ ለሚያስተምር ሰው ይህ ለክርክር የሚቀርብ ሒሳብ አይደለም። እኔም አልተከራከርኩም። «እስክመጣ ጠብቀኝ፤ እኔ እነቅለዋለሁ» አልኩት።

«ነቅለህስ?»

«እወስደዋለሁ።»

ዝም አለ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኮንዶሚኒየም ላይ?» አለኝ።

እናንተም ሳትስቁብኝ ነገሩን ላስረዳ። በዚያ ሰሞን ቦንሳይ የሚሉት የጃፓኖች ጥበብ ለክፎኝ ነበር። ቃሉ በዝርግ ዕቃ ውስጥ የተተከለ ተክል እንደ ማለት ነው። ጃፓኖች ጥበቡን ከቻይና ወስደው በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ የራሳቸው አድርገውታል። ብዙ ሰው እነዚያን ክንድ የማይሞሉ ዛፎች ሲያይ ዘራቸው ድንክ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ዘራቸው ግን እንደ ማንኛውም ዛፍ ነው። መሬት ላይ ቢለቀቁ ተመንድገው ቤት ይከልላሉ። ያሳነሳቸው መቀስ ነው፤ ከላይ ቅርንጫፋቸው ከታች ሥራቸው በየጊዜው ይከረከማል።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በጣም ከሚደነቁት ቦንሳዮች ብዙዎቹ ከዘር የበቀሉ አይደሉም። ከተራራ ላይ ወይም ከአሮጌ ግቢ ተነቅለው የመጡ ናቸው። ምክንያቱም ቅርንጫፍ በአምስት ዓመት ይበቅላል፤ ቅጠልማ በወር ይተካል። ጭን የሚያክል፣ የተጠማዘዘ፣ ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ ግንድ ግን በማዳበሪያ አይመጣም። ዕድሜ ብቻ ነው የሚሠራው። ጃፓናዊው የአሮጌ ግቢ ቁጥቋጦ ሲነቀል ቢያይ እንደኛ ማገዶ አይታየውም ማለት ነው። ሮማንን ደግሞ ለይተው ይወዱታል፤ ሲያረጅ ግንዱን እንደ ተጨመቀ ነጠላ የሚጠመዝዝ ዓይነት አለው። የኛው ሮማን አርባ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ለማን ብሎ እንደሆነ እንጃ።

መጻሕፍቱ አሮጌ ዛፍ በአንድ ቀን አይነቀልም ይላሉ። ዘንድሮ ዙሪያውን በግማሽ ክብ ቆፍረህ ሥሩን ትቆርጥና አፈሩን ትመልሳለህ፤ ግንዱ አጠገብ አዲስ ቀጫጭን ሥር ያወጣል። ከርሞ ሌላውን ግማሽ። በሦስተኛው ዓመት ነው የሚነሳው። ይህንን ለወንድሜ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ግንበኛው ሐሙስ ነው የሚመጣው» አለኝ።

ረቡዕ ተነሳሁ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ይደረባል፤ ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ጋቢም ያንሳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አልፈህ ብቅ ስትል ደብረ ሲና ከእግርህ ሥር ናት። ከዚያ በኋላ መውረድ ብቻ ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ሹራብ ይወልቃል። ሮቢት ስትገባ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነህ፤ በጆንያ የተደረደረ ማሾና ሽንኩርት፣ ባጃጅ፣ አቧራ፣ ሙቀት። ይህንን ቁልቁለት ልብ በሉልኝ፤ በማግስቱ ሮማኑ ሽቅብ ይወጣዋል።

ቁፋሮው ላይ ከወንድሜና ከአንድ የቀን ሠራተኛ ሌላ ጎረቤታችን ሐጂ ነበሩ። ሐጂ አርጎባ ናቸው። በይፋት ሸንተረሮች ላይ ኖራና አስባሪ የሚባሉ፣ ዛሬ የመስጊድና የቤት ፍርስራሽ ብቻ የቀረላቸው የጥንት የድንጋይ ከተሞች አሉ። ሐጂ እነዚያን የሠሩት አባቶቻቸው መሆናቸውን ሳያነሱ የሚውሉበት ቀን የለም። በዚያ ቀንም አነሱ። «ሮማንን ወደዚህ አገር ያመጡት የኛ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቁርአን ላይ ሦስት ቦታ ተጠቅሷል» አሉ።

እናቴ ከበርጩማዋ ሳትነሳ፣ «ሐጂ፣ አንቱ ደግሞ! የአሮን ቀሚስ ዘርፍ ላይ ከወርቁ ሻኩራ ጋር የተንጠለጠለው ምን ነበር? ኦሪት ላይ ያለ ነገር እኮ ነው» አለች።

ዐረቡ ሩማን ይለዋል፣ ዕብራይስጡ ሪሞን፣ ግእዙም አማርኛውም ሮማን፤ እንግዲህ እዚህ ውስጥ ማን ማንን ያሸንፋል? ክርክሩ በሁለቱ መካከል ሠላሳ ዓመት የቆየ ነው። ለማሸነፍ ሲከራከሩም አይቼ አላውቅም። ፍሬው ሲደርስ የመጀመሪያው ሳህን ወደ ሐጂ ቤት ነው የሚሄደው፤ ክርክሩም ከሳህኑ ጋር ይመለሳል።

ዙሪያውን ሁለት ክንድ ያህል ትተን በዶማ ወረድን። ሰዓቱ ገና ሦስት ሳይሞላ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣበቀ። ቁፋሮው ግን አይደለም የሚከብደው፤ መቁረጡ ነው። ሥሩን ስትቆርጥ ውሃ የሚጠጣበትን አፍ እየቀነስክ ነው፤ ስለዚህ ከላይም ውሃ የሚያወጣውን ቅጠል በዚያው ልክ ማጉደል አለብህ፤ አለዚያ ዛፉ ደርቆ ይሞታል። ሮማኑ ሦስት ግንድ ነበረው። ሁለቱን ከሥር በመጋዝ ጣልኩ። የቀረውን፣ በጣም የተጠማዘዘውን፣ ጉልበቴ ድረስ ለክቼ ቆረጥኩት። የቤቱን ጣሪያ ያልፍ የነበረ ዛፍ ጉቶ ሆነ።

መጋዙ ሲጀምር እናቴ ተነስታ ቡና ለማፍላት ገብታ ነበር። ሲኒዎቹን ይዛ ስትወጣ ጉቶውን አየችና ቆመች።

«ይሄንን ነው የምትወስደው?»

«አዎ።»

«ሮማኑን'ኮ እዚያ ጣልከው» አለችና በአገጯ የቅርንጫፉን ክምር አሳየችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ያለኝ አይመስለኝም።

እናቴን ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ሦስት ዓመት ስለምን ነበር። ጉልበቷ ታሟል፤ ሐኪም ማየት አለበት። «እሺ» ትልና ሰንበቴ አለ፣ ዕድር አለ፣ የማሾው አጨዳ ደረሰ እያለች ታስተላልፈዋለች። ያን ዕለት ማታ ግን ልብሷን በፌስታል ስታሰናዳ አገኘኋት። «አንተ ውሃ ማጠጣት አታውቅበትም፤ እስኪጸድቅ ሁለት ሳምንት እቀመጣለሁ» አለችኝ። ችግኝ ሥር ሲይዝም «ጸደቀ» የምንል፣ ነፍስ ስትድንም «ጸደቀ» የምንል ሕዝብ ነን። እናቴ ሁለቱን ለይታ የምታስባቸው አይመስለኝም።

በማግስቱ ሥሩን በረጠበ ጆንያ ጠቅልለን መናኸሪያ አደረስነው። የሚኒባሱ ረዳት «ማገዶ አንጭንም» አለ።

«ማገዶ አይደለም፤ ዛፍ ነው» አልኩት።

ዞር ዞር ብሎ አየው። «የት አለ ዛፉ?»

በመጨረሻ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለኝና ተስማማን። ደብረ ሲና ላይ እናቴ ጆንያው ላይ ውሃ አርከፈከፈች። ዋሻው ጋ ስንደርስ የራሷን ጋቢ አውልቃ ደረበችለት። «ቆለኛ ነው፤ ብርድ አያውቅም» አለች። ራሷ እየተንቀጠቀጠች ነበር።

የተነቀለ ጉቶ ወዲያው በሚያምር ትሪ ላይ አይቀመጥም። መጀመሪያ መዳን አለበት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገዝቼ ታቹን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት፤ ጃፓኖቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሰብረው ይጠቀማሉ። እኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም፤ በየሕንፃ ግንባታው የሚገለበጠው ሬድ አሽ ያው እሱ ነው። ከሰፈራችን ግንባታ ሁለት ጆንያ ለመንኩ፣ ነፋሁት፣ ከትንሽ ፍግ ጋር ቀላቀልኩት። ሮማኑን እንዳይነቃነቅ በገመድ ከሳፋው ጋር አሰርኩትና ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳችን ጥላ ላይ አስቀመጥኩት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ወር አለፈ። ጉቶው ጉቶ ነው። ዛፍ መሞት አለመሞቱን ለማወቅ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ማድረግ ነው፤ ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ይህንን ለእናቴ ማስተማሬ ጥፋት ነበር። ጠዋት ከጸሎት መልስ እየጫረች፣ ከሰዓት እየጫረች፣ «በዚህ ከቀጠልሽ አንቺው ትገድይዋለሽ» እስክላት ደረሰች። በአርባ ስምንተኛው ቀን ንጋት ላይ ቀሰቀሰችኝ። ከአሮጌው ቅርፊት መሐል የክብሪት ራስ የሚያህሉ ቀያይ ነገሮች ወጥተዋል፤ የሮማን ቡቃያ መጀመሪያ ቀይ ነው። «ጸድቋል» አለች። ከዚያ ሁለት ሳምንቷ ማለቁን ማንም አላነሳባትም። እሷም አላነሳችም፤ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት፣ ቀጥሎ ክረምት ገባ፣ ቀጥሎ ሌላ ቀጠሮ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። በክረምት ዝናቡ ሥሩን እንዳያበሰብሰው ሳፋውን በአንድ በኩል አንጋድጄ አሳለፍኩት። በኅዳር ውርጭ ቅጠሉን ሲያራግፍ እናቴ አለቀሰች፤ ሮማን ሲበርደው ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ መሆኑን ቆላ ላይ ኖራ አላየችውም። በሁለተኛው ዓመት ከምናለሽ ተራ አሮጌ የመብራት መዳብ ገዝቼ በከሰል አግዬ አለሳለስኩት፤ ለጋ ቅርንጫፎቹ ላይ እየጠመጠምኩ አቅጣጫ አስያዝኳቸው። ሽቦው ቅርፊቱን ሳይበላ መፈታት አለበት። አንዱን ረስቼው ጠባሳ አስቀረሁበት፤ ሌላውን ስቸኩል ሰበርኩት፣ የሮማን እንጨት ካረጀ አይታዘዝም። በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄጄ አራት ማዕዘን፣ ዝቅ ያለ፣ ታቹ ሦስት ቦታ የተበሳ ዕቃ አዘዝኩ። «ዕድሜ ልኬን እንዳያፈስ ስሠራ ኖሬ አንተ የሚያፈስ ታዘኛለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሠራችልኝ። ሮማኑ ከሳፋ ወጥቶ እዚያ ገባ፤ ሥሩ አንድ ሦስተኛ ተቆርጦ።

ያኔ ነው እናቴ ከልቧ የጠየቀችኝ። «ይሄ ልጅ አይርበውም?»

«አይርበውም። ይበላል፣ ይጠጣል። መሬት ላይ ካለው የበለጠ እንክብካቤ አለው።»

«ታዲያ ለምን አያድግም?»

«ስለምንቆርጠው ነው።»

ትንሽ አሰበች። «መሬት ላይ ሳለ ማንም አይንከባከበውም ነበር» አለች። «እኔ አንድ ወር ዘመድ ጥየቃ ብሄድ ቆይቶ ይጠብቀኛል። አሁን ሁለት ቀን ብንረሳው ይሞታል፤ አይደል?»

ነው። ይህንን ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ እሷ ናት በደንብ ያስረዳችኝ። መሬት ውስጥ ያለ ሥር ውሃ ፍለጋ ይወርዳል፤ ትሪ ላይ ያለ የሚወርድበት የለውም። ይህን ስትናገር በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። በጉልበቷ ምክንያት ደረጃውን የምትወርደው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ብቻ ነው። ዕድር የላትም፤ ሰንበቴዋ ሮቢት ቀርቷል። የምትበላው የተመረጠ ነው፣ መድኃኒቷ በሰዓቱ ነው፣ የልጅ ልጆቿ ይስሟታል። እኔ መቀሱን ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ያን ቀን መቁረጥ አላሰኘኝም።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ከቴሌቪዥኑ አልተነሳችም። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ወንድሜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን መነሳቱን ነገረን፤ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። እናቴ በእነዚያ ቀናት የምትሠራው ነገር ስታጣ ሮማኑን ታጠጣ ነበር። ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ሌሊት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ የውሃ ድምፅ እሰማለሁ። ውሃ የበዛበት ዛፍ ሥሩ ይታፈናል፤ አውቃለሁ። አልከለከልኳትም።

በአንዱ ሌሊት አብሬያት ተቀምጬ የአንድ ጥድ ታሪክ ነገርኳት። ሂሮሺማ ላይ ያማኪ የሚባል ቤተሰብ ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትሪ ላይ የኖረ ነጭ ጥድ ነበረው። በ1945 ቦምቡ ሲጣል ቤታቸው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር፤ ጥዱን የግቢው ወፍራም ግንብ ከለለውና ተረፈ። በ1976 ማሳሩ ያማኪ ይህንኑ ዛፍ ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጡት፤ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ሥፍራ ገባ። ከየት እንደተረፈ ግን እዚያ የሚንከባከቡት ሰዎች አያውቁም ነበር። በ2001 የሰውየው የልጅ ልጆች ሊያዩት መጥተው ነው ታሪኩ የታወቀው።

እናቴ ስለ ቦምቡ አልጠየቀችም። «በማግስቱ ማን አጠጣው?» አለችኝ።

«ቤተሰቡም ተርፎ ነበር። የመስኮት መስታወት ነው የቧጠጣቸው።»

«እንዲያ ከሆነ እነሱ ናቸዋ» አለች፤ ተነስታም ገብታ ተኛች።

ወንድሜ በስድስተኛው ቀን ደወለ። ሁሉም ደኅና ናቸው። ኋላ ሲመለሱ ቤቱ ቆሞ ጠበቃቸው፤ በርና አልጋ ግን አልነበረም። አዲሶቹ ክፍሎች በራቸው ተነቅሎ ስለነበር ኪራዩም ለጊዜው ቀረ። ሮማኑ በበኩሉ ከዚያ ሁሉ ውሃ በኋላ ግማሽ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ፤ አንድ ቅርንጫፉ ሞተ። ያ ቅርንጫፍ ዛሬም ነጭ እንጨት ሆኖ አለ። የቦንሳይ ሰዎች እንዲህ ያለውን አይቆርጡትም፤ አጽድተው ይተውታል።

በ2015 ዓ.ም. አበበ። የተከረከመ ዛፍ ቅጠሉ ያንሳል፣ ቅርንጫፉ ይሳሳል፤ አበባውና ፍሬው ግን አያንስም። ስለዚህ ክንድ ተኩል በማትሞላ ዛፍ ላይ ቡጢ የሚያክል ሮማን ተንጠለጠለ። አዋቂዎቹ ዛፉን ያደክማል፣ ፍሬውን ቅጠፍ ይላሉ። እናቴ ባለችበት ይህን የሚሞክር ይምጣ። በእንጨት ደገፈችው፤ በቆየም ጊዜ ተሰንጥቆ ጥርሱን አሳየ። ፍሬውን ፈልፍላ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ አድርጋ በደረጃችን ላሉ ጎረቤቶች በሙሉ አዳረሰች፤ ለያንዳንዱ አሥር አሥር ፍሬ የሚሆን። ለእኔም ደረሰኝ። «የሮቢቱ ይጣፍጥ ነበር» አለች፤ እውነት ነው፣ ይህኛው ይጎመዝዛል። ለሐጂ የሚላክበት መንገድ ብቻ ጠፋ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሳይባል ሰው መላክ የማይታሰብ ሆኖ ነበርና።

ዘንድሮ ወንድሜ ደወለ። ያለ ሰላምታ።

«ያ ሮማንህ ወጥቷል።»

«የት?»

«ክፍሉ ጥግ። ውሃ ልኩን ገፍቶ። ሥሩን ጨርሰህ አላወጣኸውም ነበር። አሁን ወገቤ ድረስ ደርሷል፤ ግድግዳውን ሳይሰነጥቅ ልቁረጠው ብዬ ነው።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ውሃ አጠጣው» አለችው።

ወንድሜ ሲጮህ እኔም ጋ ይሰማል። ግድግዳ፣ ኪራይ፣ ሲሚንቶ ስንት እንደገባ፣ ሁሉንም ዘረዘረ።

«ይሰንጥቀዋ!» አለች። «ሐጂ አሉ? ለሐጂ አሳየኸው?»

መልሱን ሰምታ ስልኩን መለሰችልኝና ጆጓን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።